ከአህያ ጥርስ እስከ መግረዣ መቀስ

ፓውሳንያስ የተባለው የ2ኛው መቶ ዘመን ግሪካዊ ተጓዥ ናፍፕሊያ ወደምትባል የወደብ ከተማ ሲደርስ ነዋሪዎቿ ጥለዋት ከሄዱ ቆይተዋል። እዚያ በቋጥኝ ላይ ስለተቀረጸች አንዲት አህያ ግን በመጽሐፉ ጥቂት ቃላት አስፍሮ አልፏል። እንደ አገሬው አፈ ታሪክ አህያዋ ይህን ክብር ያገኘችው የወይን ለጋ ቅርንጫፎችን ቀርጥፋ በመብላቷ ነው። የበላችው ሐረግ ከዚያ በኋላ የበለጠ ዘለላ አንጠለጠለ፤ ሰውም ወይን መግረዝን ከእሷ ተማረ ይባላል።

ፈረንሳይ ውስጥ በሉዋር ወንዝ ሸለቆም ተመሳሳይ ታሪክ ይነገራል። የዚያኛው አህያ ጌታ የ4ኛው መቶ ዘመን የቱር ከተማ ጳጳስ ቅዱስ ማርቲን ነው። ጳጳሱ መነኮሳቱን ሊጎበኝ ሄዶ አህያውን ከወይኑ ተክል ጥግ አሰረው፤ ሲመለስ እንስሳው ሐረጎቹን ግጦ ግጦ ጠበቀው። በዓመቱ ግን ከሁሉ ያማረ ፍሬ የሰጡት እነዚያው የተጋጡት ሆኑ። በዘመንና በባሕር የተራራቁት ሁለቱ ተረቶች የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፦ ተንከባክበው ያሳደጉትን ተክል በስለት መቁረጥ እንዴት በረከት ሊያመጣ እንደሚችል ለጥንቱ ገበሬ አይዋጥለትም ነበር። ይህን በድፍረት የሚያስጀምረው ደንታ ቢስ እንስሳ አስፈለገው።

ዛሬ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የብርዱ ወራት ሊያልቅ ሲል፣ በየካቲትና በመጋቢት፣ ጓሮ ያለው ሁሉ መቀሱንና መጋዙን ይዞ ይወጣል። የደረቀ አገዳ ይታጨዳል፤ ዛፍ ላይ ተኮማትሮ የከረመ የበሰበሰ ፍሬ ይለቀማል፤ ፖሙ፣ ፒሩ፣ ጽጌረዳው፣ ወይኑ ይገረዛል። በእነዚያ አገሮች የሚኖር ኢትዮጵያዊም፣ በረዶው ገና ከመሬት ሳይነሳ ጎረቤቱ ዛፍ ሥር መሰላል ሲያቆም አይቶ ይሆናል። ለኢትዮጵያዊ ክረምት ማለት ዝናብ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ሁሉ ነገር የሚለመልምበት ጊዜ ነው። የእነሱ ክረምት ግን የዛፍ እንቅልፍ ነው። ቅጠሉ ረግፎ አጥንቱ ይታያል፤ የትኛው ቅርንጫፍ ከየትኛው ጋር እንደሚፋተግ፣ የትኛው ወደ ውስጥ ዞሮ ብርሃን እንደሚጋርድ በግልጽ ይለያል። ዛፉ በበጋ ያመረተውን ምግብ በሥሩና በግንዱ ስላጠራቀመ፣ ቅርንጫፍ ቢቆረጥበት ብዙ አይጎዳም። ጸደይ ሲገባ ያ ሁሉ ስንቅ በቀሩት ጥቂት እምቡጦች ላይ ይዘምታል፤ ቁስሉም ሳይቆይ መጠገን ይጀምራል። በመከር የተቆረጠ ዛፍ ግን ቁስሉን ለውርጭ እንደከፈተ ይከርማል።

የአማርኛ ቃሉም የሚያስገርም ነው። ለሕፃኑም ለዛፉም ሥርዓቱ አንድ ስም አለው፤ ግርዘት። ኦሪት ዘሌዋውያንም በ19ኛው ምዕራፍ ይህንኑ ምሳሌ ይጠቀማል፤ አዲስ የተተከለ ዛፍ የመጀመሪያ 3 ዓመታት ፍሬው እንዳልተገረዘ እንዲቆጠርና እንዳይበላ ያዝዛል። ዝቅ ብሎ በ25ኛው ምዕራፍ ደግሞ ወይን 6 ዓመት እንዲገረዝ፣ በ7ኛው ዓመት ግን መሬቱም ስለቱም እንዲያርፍ ይደነግጋል።

እነዚህ ሕጎች የተነገሩበት አገር ገበሬ ዓመቱን በምን ይቆጥር እንደነበር የምታሳይ አንዲት ትንሽ የኖራ ድንጋይ አለች። አርኪዮሎጂስቱ ማካሊስተር በ1908 እ.ኤ.አ. ጌዝር በተባለው ጥንታዊ ከተማ ቁፋሮ ያገኛት ስትሆን፣ ዕድሜዋ ወደ 3,000 ዓመት ይጠጋል፤ መዳፍ ላይ ትቀመጣለች። በ7 አጫጭር መስመሮች የዓመቱን ሥራ ትዘረዝራለች፦ የመሰብሰብ ወራት፣ የመዝራት ወራት፣ የተልባ እግር የሚታጨድበት ወር፣ የገብስ አጨዳ፤ ከዚያም ሁለት ወር ሙሉ ለወይን ግርዘት። ከ12ቱ ወራት 2ቱን ለመግረዝ መመደብ ሥራው ምን ያህል ከባድ ጉዳይ እንደነበር ይናገራል። ያ የጌዝር ግርዘት በበጋ ሙቀት ለጋውን የሚያሳሳው ነው፤ የብርድ ማብቂያው ግርዘት ከእሱ ጋር ጥንድ ሆኖ እስከ ዛሬ ዘልቋል።

ነቢዩ ኢሳይያስም የመግረዣ ስለት ያነሳል። በኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ስላለችው ምድር በሚናገረው በ18ኛው ምዕራፍ፣ አበባው ረግፎ ዘለላው ሊበስል ሲል ለጋ ቅርንጫፎች በስለት ሲቆረጡ በምሳሌ ያሳያል። በ2ኛው ምዕራፍ ጦር ተቀጥቅጦ የሚሠራው የሰላም መሣሪያም በዕብራይስጡ የወይን መግረዣ ነው፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን ማጭድ ተብሏል። ወይን በብዛት የማይገረዝበት አገር ተርጓሚ፣ አንባቢው በእጁ የሚያውቀውን ቆልማማ ስለት የመረጠ ይመስላል።

ሮማውያን ዘንድ ግርዘት የመንግሥት ጉዳይ እስከ መሆን ደርሷል። በ1ኛው መቶ ዘመን የኖረው ፕሊኒ እንደጻፈው፣ የጥንቱ ንጉሥ ኑማ ካልተገረዘ ወይን የተጠመቀ መጠጥ ለአማልክት እንዳይቀርብ ከልክሎ ነበር። ፕሊኒ የሕጉን ምስጢር ሲያብራራ፣ ንጉሡ ይህን ያደረገው እምቢተኛ ገበሬዎችን ለማስገደድ ነው ይላል። እምቢተኞቹም ምክንያት ነበራቸው። በጣልያን በብዙ ቦታ ወይን የሚያድገው ረጃጅም ዛፎች ላይ እየተጠመጠመ ስለነበር፣ ለመግረዝም ለመልቀምም ከፍ ብሎ መውጣት ግድ ነው። ወይን ለመልቀም የሚቀጠር የቀን ሠራተኛ፣ ከወደቀና ከሞተ የማቃጠያና የመቃብር ወጪው በአሠሪው እንዲሸፈን ይዋዋል እንደነበርም ይኸው ጸሐፊ ይመሰክራል።

ጊዜውንም ቢሆን ሮማውያን በዘፈቀደ አልተዉትም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዘመን የእርሻ መጽሐፍ የጻፈው ካቶ፣ የወይራ ግርዘት ቀንና ሌሊት እኩል ከሚሆኑበት የመጋቢት ዕለት 15 ቀን ቀድሞ እንዲጀመርና 45 ቀን ሊቀጥል እንደሚችል ይመክራል። የብርዱ ማብቂያ ማለት ነው።

ስለ መሣሪያው የጻፈው ደግሞ ከዛሬዋ ስፔን ከካዲስ የተነሳው ኮሉሜላ ነው። እሱ የሚገልጸው የወይን መግረዣ ቢላዋ በአንድ እጀታ ላይ 6 ስለቶችን የያዘ ነበር። ለእጀታው የቀረበው ቀጥ ያለ ክፍል እንደ ቢላዋ ይቆርጣል። ጎበጥ ያለው ሆዱ ወደ ራስ እየሳቡ የሚቆርጡበት ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ገፍቶ ይልጣል፤ እንደ ንስር አፍ የታጠፈው ጫፍ ይቦረቡራል፤ በጀርባው ያለች ትንሽ መጥረቢያ ደረቅ ጉቶ ትመታለች፤ ሹሉ ደግሞ ጠባብ ቦታ ገብቶ ያጸዳል። ወይን ገራዡ እያንዳንዱን ክፍል በየተራው መጠቀም ካላወቀ የስለቶቹ ብዛት ትርፉ ድካም ነው።

ከዚያ በኋላ ቆልማማው ቢላዋ ለ1,700 ዓመታት ያህል ከአውሮፓ ገራዦች እጅ አልወጣም። የተለወጠው ሥራው ነው። ፍሬ ለማብዛት የተጀመረው ግርዘት በ17ኛው መቶ ዘመን ዛፍን እንደ ሥዕል ወደ ማበጀት አደገ፤ ማዕከሉም ቬርሳይ ሆነ።

ዣን ባፕቲስት ደ ላ ኬንቲኒ በትምህርቱ የሕግ ሰው ነበር። ጣልያንን ከጎበኘ በኋላ ልቡ ወደ አትክልት ዞረ፤ ጠበቃነቱን ትቶ ዛፍ ማሳደግ ያዘ። ሉዊ 14ኛ ለቤተ መንግሥቱ የፍራፍሬና የአትክልት ቦታ እንዲያዘጋጅ ሲያዝዘው የተሰጠው መሬት ሕዝቡ የገማው ኩሬ የሚለው ረግረግ ነበር። ረግረጉን ያደረቀው፣ አጠገቡ ለሰው ሠራሽ ሐይቅ ሲቆፈር የወጣውን አፈር አምጥቶ በመሙላት ነው። ከ1678 እስከ 1683 በተሠራው በዚህ 9 ሄክታር ቦታ ላ ኬንቲኒ ግንብ በግንብ ከፋፍሎ፣ ፒርና ኮክ በግንቡ ላይ እንደተዘረጋ እጅ እንዲያድጉ አደረገ። አስፓራገስ በታኅሣሥ፣ እንጆሪ በመጋቢት ለንጉሡ ማዕድ ይቀርብ ነበር። ንጉሡ ከፍ ካለው መተላለፊያ ላይ ቆሞ ሠራተኞቹን ማየት ይወድ ነበር፤ መግረዝንም ከላ ኬንቲኒ እንደተማረ ይነገራል።

ላ ኬንቲኒ በ1688 ሞተ። መጽሐፉ በ1690 ታትሞ ወጣ፤ በ1693 እንግሊዛዊው ጆን ኤቭሊን ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። የመጽሐፉ ዋና ትምህርት መቁረጥና መግረዝ የተለያዩ መሆናቸው ነው። መቁረጥ ማንም ይችላል፤ መግረዝ ግን ከመቁረጡ በፊት ቆሞ ማሰብን ይጠይቃል። ያ የንጉሥ አትክልት ቦታ ዛሬም አለ፤ የመልክዓ ምድር አርክቴክቸር ትምህርት ቤት አብሮት ይገኛል።

ከቬርሳይ ባልተናነሰ የሚደንቀው ግን ንጉሥ ያልነበረበት ቦታ ነው። ከፓሪስ በስተምሥራቅ የምትገኘው የሞንትሬይ መንደር ገበሬዎች፣ ብርድ በሚበዛበት ሰሜን ፈረንሳይ የሞቃት አገር ፍሬ የሆነውን ኮክ ለማብቀል ቆርጠው ተነሱ። ያላቸው ሀብት ጀሶ ነበር። ከገዛ መሬታቸው እየቆፈሩ ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያላቸውን ግንቦች ሠሩ፤ ፀሐይ በሁለቱም ጎን እንድትመታቸውም አብዛኞቹን ከሰሜን ወደ ደቡብ ዘረጓቸው። ጀሶው ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይተፋዋል፤ ግንቡ ላይ የተለጠፈው ዛፍም በዚያ ሙቀት ያድራል። በ19ኛው መቶ ዘመን የሞንትሬይ ግንቦች ቢቀጣጠሉ ርዝመታቸው 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርስ ነበር፤ በምርጥ ዓመታት በሚሊዮን የሚቆጠር ኮክ ለፓሪስ ገበያና ለነገሥታት ማዕድ ይወጣ ነበር።

ለዚህ ምርት ጀሶ ብቻውን አይበቃም። ኮክ ከፖም የሚለይበት ጠባይ አለው፤ የሚያፈራው ባለፈው ዓመት በበቀለ ለጋ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ያፈራች ቅርንጫፍ ዳግም አታፈራም። ስለዚህ የሞንትሬይ ገበሬ ብርዱ ሊያልቅ ሲል ግንቡ ሥር ቆሞ እያንዳንዷን ቅርንጫፍ ይመረምር ነበር። አምና ያፈራችውን ይቆርጣል፤ ከሥሯ የምትተካትን አንዲት ለጋ ያስቀራል። ተተኪዋን መምረጥ ላይ ከሳተ ለከርሞ የሚለቅመው የለም። ሹሉ እምቡጥ የቅጠል፣ ድቡልቡሉ የአበባ ነው፤ ልዩነቱን በጣቱ ዳብሶ ያውቀዋል።

ከግርዘቱ ቀጥሎ የማሰሩ ሥራ ይመጣል። ሞንትሬዮች ቅርንጫፍ በሽቦ ወይም በገመድ አያስሩም ነበር፤ ልጡን ይቆርጠዋል። ከአሮጌ ልብስ የተቀደደች ጣት የምታህል ጨርቅ በቅርንጫፏ ዙሪያ ይጠቀልሉና የጨርቁን ሁለት ጫፍ ገጥመው በምስማር ጀሶው ላይ ይመታሉ። ጀሶ ለስላሳ ስለሆነ ምስማሩን በቀላሉ ይቀበላል፤ ሲነቀልም አይሰነጠቅም። አንድ ዛፍ ብዙ ጨርቅ ይለብሳል። የየካቲት ጠዋት በሞንትሬይ ማለት ከግንብ ወዲያና ወዲህ የሚሰማ የትንንሽ መዶሻዎች ድምፅ ማለት ነበር።

ሞንትሬይን ያዳከማት ባቡር ነው። ሐዲዱ ሞቃቱን ደቡብ ፈረንሳይ ከፓሪስ ጋር ሲያገናኝ፣ ግንብም ጨርቅም የማይፈልገው የደቡብ ኮክ በርካሽ ገበያውን ሞላው። ከተማውም ሰፋ፤ ግንቦቹ እየፈረሱ ቤት ተሠራባቸው።

የመግረዣ መቀስ የመጣው ከዚያው ከፈረንሳይ፣ ካልተጠበቀ ሰው ነው። ማርኪ አንትዋን ፍራንስዋ በርትራን ደ ሞልቪል የሉዊ 16ኛ የባሕር ኃይል ሚኒስትር ነበር። አብዮቱ ሲበረታ ወደ እንግሊዝ ተሰደደ፤ ንግሥናው ሲመለስ እሱም ወደ አገሩ ተመለሰ። የጠመንጃና የመርከብ ሚኒስትር የነበረው ሰው በ1815 ገደማ፣ በዕድሜው ማምሻ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ፣ አንዱ ምላጭ የሚቆርጥ ሌላው የሚደግፍ፣ ሲለቀቅ በስፕሪንግ የሚከፈት መቀስ ለአትክልተኞች አስተዋወቀ። በ1818 ሲሞት መቀሱ ገና ተቀባይ አላገኘም ነበር።

የድሮዎቹ ባለሙያዎች ተቃወሙት። ቢላዋ ንጹሕ ቁስል ይተዋል፤ መቀስ ግን እንጨቱን ጨፍልቆ ይቆርጣል ብለው ነበር። ትክክልም ነበሩ፤ የመጀመሪያዎቹ መቀሶች ይጨፈልቃሉ። ሆኖም ቢላዋ ለመልመድ ዓመታት ይፈጃል፤ ሲስት ደግሞ የሚቆርጠው ጣት ነው። መቀስ ግን በአንድ ጠዋት ይለመዳል። ምላጩ እየሳሳ፣ ብረቱ እየጠነከረ ሲሄድ ክርክሩ በመቀሱ አሸናፊነት አለቀ። በ1945 ፌሊክስ ፍሊሽ በስዊዘርላንድ የኖይሻቴል ግዛት ፌልኮ የተባለውን ፋብሪካ ሲመሠርት፣ መቀሱ ቀለል ያለ የአሉሚኒየም እጀታና እያንዳንዱ ክፍሉ ተፈትቶ የሚተካ አካል አገኘ። ቀይ እጀታው እስከ ዛሬ በብዙ አገር የአትክልተኛ ወገብ ላይ ይታያል።

መቀሱ ሙያውን ከጌቶች አትክልት ቦታ አውጥቶ ወደ ተራ ሰው ጓሮ አስገባው። በእንግሊዝ ይህ ለውጥ በመጽሐፍ ተደግፎ መጣ። ጄን ላውደን በ1840 ለሴቶች ባዘጋጀችው የአትክልት መመሪያ፣ የቤት እመቤት ሠራተኛ ቆማ ከማዘዝ ይልቅ ራሷ መቆፈር፣ መትከልና መግረዝ እንደምትችል በቀላል ቋንቋ አስረዳች። እሷ ራሷ ከባሏ ከታዋቂው የአትክልት ጸሐፊ ከጆን ላውደን ጋር እስክትጋባ ድረስ ስለ ተክል የምታውቀው ጥቂት ነበር፤ ጀማሪ የት ላይ እንደሚደናገር የገባት ለዚህ ነው።

መሣሪያው እንዲህ ቢሻሻልም ከተቆረጠ በኋላ ዛፉ ውስጥ ምን እንደሚሆን ግን ማንም አያውቅም ነበር። በዚህ ድንግዝግዝ ውስጥ፣ ከመቀሱም ቀደም ብሎ፣ ስሙ የገነነው ዊልያም ፎርሳይዝ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ የጆርጅ 3ኛ አትክልተኛ የነበረው ፎርሳይዝ፣ የበሰበሰ ግንድ የሚያድን መድኃኒት አገኘሁ አለ። መድኃኒቱ የላም እበት፣ የአሮጌ ሕንፃ ኖራ፣ የእንጨት አመድና አሸዋ በሽንት የተለወሰበት ልስን ነው። ጊዜው የባሕር ኃይሉ ለመርከብ የሚሆን ጤነኛ የኦክ ግንድ አጥብቆ የሚሻበት ስለነበር ፓርላማው 1,500 ፓውንድ ሸለመው፤ አሠራሩም በ1791 ታተመ። ቶማስ አንድሩ ናይት የተባለ የፍራፍሬ ተመራማሪ የሞተ እንጨት በልስን ሕይወት አይዘራም ብሎ ቢሞግትም፣ ቁስል የመቀባት ልማዱ ተስፋፋ። ከልስኑ በኋላ ሬንጅ፣ ከሬንጅ በኋላ የቁስል ቀለም መጣ፤ ልማዱ ከመቶ ዓመት በላይ ኖረ።

ለፎርሳይዝ መታሰቢያ ስሙን የያዘች ተክል አለች፤ ፎርሲቲያ። ብርዱ ሲያልቅ ከቅጠሏ ቀድማ በቢጫ አበባ የምትሸፈነው ቁጥቋጦ ናት። የምታብበው አምና ባደገ እንጨት ላይ ስለሆነ፣ ባለጓሮው ሌላውን ሲገርዝ እሷንም አብሮ ከገረዛት የዓመቱን አበባ ቆርጦ ይጥለዋል። የእሷ መቀስ አበባዋ ከረገፈ በኋላ ነው።

ሳይንስ ወደ ጓሮው የገባው በዝግታ ነው። አሜሪካዊው ቶማስ በሪል በ1870ዎቹ መጨረሻ ፒርን እንደ እሳት አቃጥሎ የሚያደርቀው በሽታ ከባክቴሪያ እንደሚመጣ አሳየ። ገራዡ ራሱ በሽታውን በቢላዋው ከዛፍ ወደ ዛፍ ሊያደርስ ይችላል። ዛሬ ጠንቃቃ ሰው ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ሲያልፍ ምላጩን በአልኮል የሚወለውለው በዚህ ምክንያት ነው።

ዋናውን ጥያቄ የመለሰው ግን አሌክስ ሺጎ ነው። በ1959 የአሜሪካ ደን አገልግሎት ባልደረባ ሆኖ በኒው ሃምፕሸር ሥራ ሲጀምር፣ ከእሱ በፊት የነበሩት ተመራማሪዎች ያልታደሉትን መሣሪያ አገኘ፤ የሞተር መጋዝ። ቀደምቶቹ ግንድን በአግድም ነበር የሚቆርጡት። ሺጎ ግን ከላይ እስከ ታች እንደ ዳቦ ሰነጠቀው፤ ከ15,000 በላይ ዛፎችንም በዚህ መንገድ መረመረ። ያየው ነገር የድሮውን እምነት ሁሉ ገለበጠ። የሰው ቁስል ሥጋው ታድሶ ይድናል። የዛፍ እንጨት ግን አንዴ ከተጎዳ አይታደስም። ዛፉ የሚያደርገው በጉዳቱ ዙሪያ ግድግዳ መገንባት ነው፤ ብስባሹን እዚያው አግዶት፣ በላዩ አዲስ እንጨት እያበቀለ ያድጋል። ሺጎ ይህን በ1977 ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ጽሑፍ አብራራው።

ከዚህ የወጣው የአቆራረጥ ትምህርት ለባለጓሮ ሁሉ የሚጠቅም ነው። ቅርንጫፍ ከግንድ በሚወጣበት ቦታ እንደ አንገትጌ ያበጠ፣ የተሸበሸበ ቀለበት አለ። የመከላከያው ግድግዳ የሚነሳው ከዚያ ነው። የድሮ መጻሕፍት ግን ግንዱ እስኪለሰልስ አስጠግቶ መቁረጥን ያዝዙ ስለነበር፣ ገራዡ አንገትጌውን አብሮ እየቆረጠ ዛፉን ጋሻውን ይነጥቀው ነበር። ረጅም ጉቶ መተውም እንዲሁ ይጎዳል፤ ጉቶው ሞቶ ብስባሽ ይጠራል። ትክክለኛው ቦታ ከአንገትጌው ጥቂት ወጣ ብሎ ነው። ወፍራም ቅርንጫፍ ሲሆን በሦስት ጊዜ ይቆረጣል። መጀመሪያ ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ከሥር በኩል ጥቂት ይሰነጠቃል። ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ ከላይ ይቆረጥና ክብደቱ ይወድቃል፤ የሥሩ ስንጥቅ ልጡ እስከ ግንዱ እንዳይላጥ ያግደዋል። በመጨረሻ የቀረው ጉቶ አንገትጌው አጠገብ በጥንቃቄ ይነሳል። ቀለምም ልስንም አይቀባም።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች የተከበሩ ደንቦችም መፈተሽ ጀመሩ። በእንግሊዝ የጽጌረዳ ማኅበር አትክልት ቦታ በተደረገ ሙከራ፣ ጽጌረዳን በየእምቡጡ እየመረጡ መቁረጥና በአጥር መከርከሚያ ማሽን በጅምላ መከርከም ተነጻጽረው፣ የተከረከሙት ከተመረጡት ያላነሰ አብበዋል። የጓሮ ጽዳቱም ለዝቧል። ቀድሞ ቅጠሉና አገዳው በመከር ተጠርጎ ይቃጠል ነበር። አሁን ብዙዎች ውስጠ ባዶ አገዳዎችን እስከ ብርዱ ማብቂያ ይተዋሉ፤ በውስጣቸው ንቦችና ሌሎች ጠቃሚ ነፍሳት ይከርማሉና። ዛፍ ላይ የደረቀው የበሰበሰ ፍሬ ግን ዛሬም ይለቀማል፤ የበሽታው ዘር የሚከርመው እሱ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ለዚህ ሙያ በጣም የሚቀርበው የቡና ጉንደላ ነው። ያረጀ ቡና ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ በደረቁ ወራት፣ ከመሬት ጉልበት በማይደርስ ከፍታ ሰያፍ ተደርጎ ይጎነደላል። ዝናብ ሲጥል ከጉቶው ብዙ ለጋ ይፈነዳል፤ ጠንካራዎቹ 2 ወይም 3ቱ ብቻ እንዲያድጉ ይተዋሉ። የግብርና ባለሙያዎች ገበሬውን ለማሳመን የሚደክሙት በከንቱ አይደለም። የተጎነደለ ቡና በደንብ እስኪያፈራ 3 ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ ያን ጊዜ ቤተሰቡ በምን ይተዳደር? ገበሬው የሚያመነታው የናፍፕሊያ አህያ ያልነበረባት ጭንቀት ስላለበት ነው። በተራ በተራ፣ በየዓመቱ ከማሳው ጥቂቱን ብቻ መጎንደል መፍትሔ የሆነውም ለዚህ ነው።

ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው የጋሞ ደጋ፣ በጨንቻ፣ የአውሮፓው ግርዘት ራሱ ሥር ሰዷል። ሚስዮናውያን ያመጡት ፖም ቀዝቃዛውን ተራራ ወደደው፤ ፍሬውም ችግኙም ለብዙ ቤተሰብ የገቢ ምንጭ ሆነ። የአበባ እርሻዎቹ ደግሞ ቀን ይቆጥራሉ። ጽጌረዳው እ.ኤ.አ. የካቲት 14 የፍቅረኞች ቀን ከመድረሱ በፊት አውሮፓ እንዲገባ፣ ቁጥቋጦው መቼ መቆረጥ እንዳለበት ወደኋላ ተሰልቶ ይወሰናል። የበርትራን ደ ሞልቪል መቀስ በዝዋይና በሆለታ ሴቶች እጅ ቀኑን ሙሉ ሲከፈትና ሲዘጋ ይውላል።

በሞንትሬይ ከጥንቱ ይዞታ የተረፈው ጥቂት ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ መንግሥት ወደ 8 ሄክታር ተኩል የሚሆነውን በጥበቃ ሥር አደረገው፤ ማኅበራትና በጎ ፈቃደኞች የፈረሰውን ግንብ በጀሶ እየጠገኑ ይተክላሉ። ብርዱ ሊለቅ ሲል ከግንቡ ሥር ይሰባሰባሉ። አንዱ ቅርንጫፏን ከጀሶው ጋር ያጋድማል፤ ሌላው ከአሮጌ ሸሚዝ ጨርቅ ቀድዶ ያቀብላል፤ ምስማሩ በሁለት ምት ይገባል። ከጨርቁ በላይ የምትታየው ድቡልቡል እምቡጥ ማበጥ ጀምራለች።